የመኖሪያ ቤት የተሽከርካሪ መግቢያ በር፦ እንክብካቤ፣ የብልሽት ምልክቶችና ጥንቃቄ

መግቢያ

የመኖሪያ ቤት የተሽከርካሪ መግቢያ በር በአንድ ግቢ ውስጥ ከሚንቀሳቀሱ ከባድ ነገሮች አንዱ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሕፃናት ይጫወቱበታል፤ አረጋውያን ይደገፉታል፤ ጎረቤት ያንኳኳዋል። ይህ የዘወትር ቅርበት ክብደቱን ያስረሳል። ተገቢው እንክብካቤ ካልተደረገለት ግን ንብረት ለመጠበቅ የተሠራው በር ራሱ የአካል ጉዳትና የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

"ጋራዥ" የሚለው ቃል በሀገራችን በአብዛኛው የተሽከርካሪ መጠገኛን ያመለክታል። በመኖሪያ ቤት ተሽከርካሪ የሚያድርበትን ስፍራ የሚዘጋው በር ደግሞ በአብዛኛው ከላሜራ የተሠራው የግቢ በር ነው። በሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ በምትገኘው ግራና፣ በወረዳው ዋና ከተማ በመርሳም ሆነ በዞኑ ዋና ከተማ በወልድያ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌት ወይም መኪና ያለው ቤተሰብ ተሽከርካሪውን የሚያሳድረው ከዚህ በር ጀርባ ነው። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ በቅድሚያ በላሜራ በር ላይ ያተኩራል። በትላልቅ ከተሞች እየተለመዱ ስለመጡት ወደ ላይ ስለሚነሡና በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ በሮችም አስፈላጊውን መረጃ ይሰጣል።

የጽሑፉ ዋና መልእክት አንድ ነው፦ በር ከመውደቁ በፊት ምልክት ይሰጣል። የቤቱ ባለቤት ድርሻ ምልክቱን ማወቅ፣ መደበኛ እንክብካቤውን ራሱ ማከናወንና የበሩን ክብደት የሚሸከሙትን ክፍሎች ጥገና ለባለሙያ መተው ነው።

የበሩ ክብደት ምን ያህል ነው?

በር ሲታዘዝ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ቅርፁና ስለ ቀለሙ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ክብደቱ ግን እምብዛም አይነሣም። ክብደቱን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስፋቱ 3.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.2 ሜትር የሆነ በር 7.7 ካሬ ሜትር ላሜራ ስለሚወስድ፣ ላሜራው ብቻ 90 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ዙሪያውንና መሐሉን የሚይዘው ቱቦላሬ ሲጨመርበት አጠቃላይ ክብደቱ ወደ 145 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህም አንድ ኩንታል ተኩል እህል ማለት ነው። ልዩነቱ እህሉ መሬት ላይ ተጋድሞ ሲቀመጥ፣ በሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ መንቀሳቀሱ ነው።

በሩ ሁለት ክንፍ ያለው ከሆነ እያንዳንዱ ክንፍ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ክንፉ ወደ ፊት የመዝመም ዝንባሌ ስላለው የላይኛው ማጠፊያ ያለማቋረጥ ከምሰሶው ወደ ውጭ ይሳባል። ከላይ በተጠቀሰው ልክ በተሠራና ማጠፊያዎቹ 1.8 ሜትር በተራራቁ ክንፍ ላይ ይህ ስበት 35 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም የሆነ ልጅ በክንፉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቢወዛወዝ ስበቱ ወደ 64 ኪሎ ግራም ያድጋል፤ ይኸውም ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ልጆች በበር ላይ እንዳይንጠለጠሉ የሚከለከሉበት ምክንያት ሥርዓት ለማስያዝ ብቻ አይደለም፤ ብየዳው ለዚያ ጭነት ታስቦ ያልተሠራ ስለሆነም ነው።

የበር ዐይነቶችና ክብደት ተሸካሚ ክፍሎቻቸው

ለእንክብካቤ የመጀመሪያው እርምጃ በሩ ክብደቱን በምን ላይ እንዳሳረፈ ለይቶ ማወቅ ነው።

1. በማጠፊያ የሚከፈት በር። በአነስተኛ ከተሞች በብዛት የሚገኘው ይህ ዐይነት ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ማጠፊያዎቹ፣ ማጠፊያዎቹን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዘው ብየዳና ምሰሶው ራሱ ናቸው። ምሰሶው ከዘነበለ ማጠፊያው አዲስ ቢሆንም በሩ ይዘነብላል።

2. ተንሸራታች በር። መሬት ላይ በተዘረጋ ሐዲድ በመንኮራኩሮች የሚሄድ ነው። ክብደቱ ያረፈው በመንኮራኩሮቹና በውስጣቸው ባሉት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገው ግን በምሰሶው አናት ላይ የተተከለው የላይኛው መሪ ነው። በሐዲዱ ሁለት ጫፎች ላይ ደግሞ በሩ ከመሪው አልፎ እንዳይወጣ የሚይዙት ማቆሚያዎች ይገኛሉ። ማቆሚያ የሌለው ተንሸራታች በር በኃይል ሲገፋ ከመሪው ወጥቶ በሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ዐይነት በር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ትንሽ ክፍል ነው።

3. ወደ ላይ የሚነሣ ወይም የሚጠቀለል በር። በአዲስ አበባና በሌሎች ትላልቅ ከተሞች በአንዳንድ መኖሪያ ቤቶች፣ በሌሎች ቦታዎች ደግሞ በሱቆች ላይ ይታያል። ክብደቱን የሚያቀለው የተጠመዘዘ ወይም የተወጠረ ሞላ ነው። ሰው በአንድ እጁ ማንሣት የሚችለው በሩ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ሞላው ክብደቱን ስለሚሸከምለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ እና ካቻቪቴ የሚሉት ከጣሊያንኛ የመጡ የሙያ ቃላት እንዳሉ የተወሰዱት፣ ባለቤቱ ከበያጅና ከመለዋወጫ ሻጭ ጋር ሲነጋገር የሚጠቀምባቸው እነዚህኑ ስለሆነ ነው።

አየር ንብረትና አፈር በበር ላይ የሚያደርሱት ተፅዕኖ

በሰሜን ወሎ ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢዎች ዝናብ በሁለት ወቅቶች ይጥላል፤ በበልግና በክረምት። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ደረቅና አቧራማ ነው። ይህ መፈራረቅ በበር ላይ ሦስት ዐይነት ተፅዕኖ ያሳድራል።

የመጀመሪያው አፈሩ ነው። በመስኖ ልማት የሚታወቀውን የቆቦ ግራና ሸለቆን በመሳሰሉ ሜዳማ ስፍራዎች ዋልካ አፈር ያጋጥማል። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የተተከለ ምሰሶ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይዘነብላል። ስለዚህ በበጋ በትክክል ሲዘጋ የነበረ በር በክረምት አልገጥም ቢል፣ ጥፋቱ ከበሩ ሳይሆን ከምሰሶው ሥር ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 4 ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ በር ከንጋት ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ፀሐይ ድረስ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። መቀርቀሪያው ጠዋት በቀላሉ ገብቶ ቀትር ላይ የሚጠብቀው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው አቧራና ውኃ ነው። አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብረትን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። የዝናብ ውኃ ደግሞ በበሩ የታችኛው ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ይቋጠራል። የላሜራ በር ብዙውን ጊዜ ከታች ጀምሮ የሚበሰብሰው ስለዚህ ነው።

መደበኛ እንክብካቤ

በየሳምንቱ፦
- ተንሸራታች በር ከሆነ ሐዲዱን በመጥረጊያ ይጥረጉ፤ ጠጠር፣ ጭቃና ቅጠል ያስወግዱ። አንዲት ጠጠር መንኮራኩሩን ከሐዲዱ ልታስወጣ ትችላለች።
- በሩን አንድ ጊዜ በዝግታ ከፍተው ይዝጉ፤ ድምፁንና አካሄዱን ያስተውሉ።

በየወሩ፦
- ማጠፊያዎችን በጨርቅ ይጥረጉ፤ አሮጌውን ቅባት አንሥተው ጥቂት አዲስ ግሪስ ይቀቡ።
- መቀርቀሪያው በቀላሉ ገብቶ መውጣቱን ይመልከቱ።
- የላይኛውን መሪና የማቆሚያዎቹን ብሎኖችና ዳዶዎች ይፈትሹ፤ የላላ ካለ ያጥብቁ።
- በየብየዳው ስፍራ ስንጥቅ መኖሩን፣ ከቀለም ሥር የዝገት መስመር መውጣቱን ይመርምሩ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት ክረምት ሳይገባና በመስከረም ዝናቡ ሲያበቃ፦
- ምሰሶዎቹ ቀጥ ማለታቸውን በቱንቢ ያረጋግጡ። ክርን በድንጋይ ወጥሮ ከምሰሶው ጎን ማንጠልጠልም ያው ውጤት ይሰጣል። ልዩነቱን በሚሊ ሜትር ለክተው ቢመዘግቡ በቀጣዩ ልኬት ምሰሶው እየዘነበለ መሆን አለመሆኑን ያውቃሉ።
- በበሩ ሥር ያለውን የውኃ መውረጃ ይክፈቱ። በበሩና በመሬቱ መካከል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ። ተንሸራታች በር ከሆነ ግን ክፍተቱን የሚወስነው የመንኮራኩሩ መጠን ነው።
- የተላጠ ቀለም ካለ ያድሱ።

ስለ ቅባት አጠቃቀም ሦስት ነጥቦች ሊታወቁ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ለበር አይመከርም፤ ቆሻሻ ያዘለ ከመሆኑም በላይ ልብስና እጅ ያበላሻል። የምግብ ዘይትም ሲቆይ ስለሚዣቅጥ ማጠፊያውን ያጣብቀዋል። ሁለተኛ፣ የተንሸራታች በር ሐዲድ ግሪስ አይቀባም። ቅባት የሚያስፈልገው ኩሽኔታው ነው፤ በሐዲዱ ላይ የተቀባ ግሪስ አቧራ ሰብስቦ መንገዱን ይዘጋል። ሦስተኛ፣ ለቁልፍ ቀዳዳ ግሪስ አይጨመርም፤ የግራፋይት ዱቄት ይበቃል።

ቀለም ሲታደስ ቅደም ተከተሉ ይከበር። በቅድሚያ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረቱ ይነሣ። ከዚያም አቧራውና ቅባቱ በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ። ከደረቀ በኋላ አንቲረስት የሚባለው የዝገት መከላከያ ይቀባ፤ በመጨረሻም ማጠናቀቂያው ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ። በዝገት ላይ በቀጥታ የሚቀባ ቀለም ለዐይን ያምራል እንጂ ከሥሩ መበስበሱን አያቆምም።

የብልሽት ምልክቶች፣ መንስኤዎችና መፍትሔዎች

1. የበሩ ጫፍ መሬት ይነካል ወይም ይጎተታል

መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የማጠፊያው መበላት፣ የምሰሶው መዝመም ወይም ደለል ተከምሮ መሬቱ ከፍ ማለቱ። ለመለየት የክንፉን ጫፍ በሁለት እጅ በጥቂቱ ወደ ላይ ይግፉ። ማጠፊያው ላይ ክፍተትና ንቅናቄ ከታየ የተበላው ማጠፊያው ነው። ማጠፊያው ሳይነቃነቅ ቱንቢው ምሰሶው መዝመሙን ካሳየ ችግሩ ከመሠረቱ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ደለሉን ማንሣት ይበቃል።

በብዙ ቦታ የሚፈጸመው ስሕተት የበሩን የታችኛ ጠርዝ መቁረጥ ነው። ይህ በሩን ለጊዜው ያስከፍተዋል፤ ነገር ግን መንስኤውን ሳያስወግድ ምልክቱን ብቻ ያጠፋል። ማጠፊያው መበላቱን ይቀጥላል፤ ቀጣዩ ምልክት የበሩ መውደቅ ሊሆን ይችላል።

2. ማጠፊያው ይንጫጫል

ድርቀት ነው። በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ታጥቦ ግሪስ ሲቀባ ዝም ይላል። ነጭ ጋዝ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሥራው ከእሳት ርቆ ይከናወን። ከማጠፊያው ቡናማ የብረት ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን ብረቱ እየተበላ ስለሆነ ማጠፊያው መቀየር አለበት።

3. በብየዳው ላይ ስንጥቅ ይታያል

ይህ ከሁሉም አስቸኳዩ ምልክት ነው። በማጠፊያው ወይም በምሰሶው ብየዳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወይም ከሥሩ የሚወርድ የዝገት መስመር ከታየ በሩን መክፈትና መዝጋት ያቁሙ። ክንፉን ከሥሩ በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፈው፣ በገመድ ከምሰሶው ጋር አስረው፣ ልጆችን አርቀው በያጅ ይጥሩ።

4. ተንሸራታቹ በር ይከብዳል ወይም ይንቋቋል

ድምፁ የት እንደሚሰማ ያዳምጡ። በእያንዳንዱ የመንኮራኩር ዙር የሚደጋገም ድምፅ የኩሽኔታ ወይም የመንኮራኩር ብልሽት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚሰማ ድምፅ ግን የሐዲድ መታጠፍን ወይም መነሣትን ያመለክታል። በኃይል መግፋት ለሁለቱም መፍትሔ አይደለም።

5. ተንሸራታቹ በር በአናቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል

የላይኛው መሪ ላልቷል ወይም ተሰብሯል። በሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ሊወድቅ ስለሚችል እስኪጠገን ድረስ ሳይነካ ተዘግቶና ታስሮ ይቆይ፤ ቤተሰቡም በሌላ መግቢያ ይጠቀም።

6. ተንሸራታቹ በር ሳይገፉት ይንከባለላል

ሐዲዱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ዘላቂው መፍትሔ ሐዲዱን እንደገና ማስተካከል ነው። እስከዚያው ድረስ በሩ በተከፈተም ሆነ በተዘጋ ጊዜ በመቀርቀሪያ ይያዝ። ማቆሚያዎቹ ጠንካራ መሆናቸውም በዚያው ዕለት ይረጋገጥ።

7. መቀርቀሪያው ወይም ቁልፉ አይገጥምም

በሩ ቀትር ላይ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ መንስኤው ሙቀት ነው፤ የመቀርቀሪያውን ቀዳዳ በሊማ ጥቂት ማስፋት ይበቃል። ሁልጊዜ የማይገጥም ከሆነ ክንፉ ወርዷል ማለት ስለሆነ ወደ ተራ ቁጥር 1 ይመለሱ። መቀርቀሪያን በመዶሻ እየመቱ ማስገባት የመቀርቀሪያውን ብየዳ ያስለቅቃል።

8. የበሩ ግርጌ ዝጓል

በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ብለው ይፈትሹ። ብረቱ ጠንካራ ከሆነ ዝገቱ የላይ ነውና ተፈግፍጎ ቀለም ይታደስ። ካቻቪቴው ከበሳው የበሰበሰው ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ሊጠገን ይገባል። በዚያው አጋጣሚ በታችኛው ቱቦላሬ ላይ ውኃ የሚወጣባቸው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች እንዲበሱ ይጠይቁ።

9. በሩ ሲነካ ይነዝራል

የበር መብራት፣ የደወል ወይም የሞተር መስመር ተልጦ ብረቱን ነክቷል። የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት በመሆኑ፣ በተለይ መሬቱ እርጥብ ሲሆንና እግር ባዶ ሲሆን፣ ገዳይ ነው። በሩን ደግመው አይንኩ፤ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፉ፤ ከውጭ ለሚመጡ ሰዎች ጮክ ብለው ያስጠንቅቁ፤ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ተፈትሾ ሳይስተካከል መልሰው አያብሩ። የተነዘረና ከበሩ መላቀቅ ያልቻለ ሰው ካለ ኃይሉ ሳይቋረጥ በእጅ አይነካም።

ወደ ላይ የሚነሡና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ በሮች

ወደ ላይ የሚነሣ በር ሞላ ዕድሜው የሚለካው በዓመት ሳይሆን በመክፈትና በመዝጋት ብዛት ነው። የተለመደው ሞላ ወደ 10,000 ጊዜ ለሚሆን አገልግሎት ይሠራል። በቀን አራት ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ይህን ቁጥር ሰባት ዓመት ሳይሞላው ይደርስበታል። በሩ ከወትሮው መክበዱ፣ በግማሽ ከፍታ ላይ ሲለቀቅ መውረዱ ወይም በሞላው ጥቅልሎች መካከል ክፍተት መታየቱ የሞላውን መድከም ወይም መሰበር ያመለክታል። የተወጠረ ሞላ ሲፈታ በውስጡ ያከማቸውን ኃይል በአንድ ቅጽበት ስለሚለቅ እጅ ይሰብራል፤ ዐይን ያጠፋል። የሞላ ብሎን በቤት ውስጥ በፍጹም አይፈታም።

በሞተር የሚሠራ በር ያላቸው ቤተሰቦች የሚከተሉትን ሊያውቁ ይገባል።

- መብራት ሲቋረጥ በሩን በእጅ ለመክፈት የሚያስችል መፍቻ በሞተሩ ላይ አለ። መፍቻው የት እንዳለና ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ሁሉም የቤተሰቡ አዋቂዎች ይወቁ። በእሳት ጊዜ የሚፈለገው ያ ቁልፍ ነው።
- ወደ ላይ የሚነሣ በር መሰናክል ሲነካ ቆሞ መመለስ አለበት። ይህን ለመፈተሽ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ መሬት ላይ አጋድመው በሩን ይዝጉ። በሩ ጣውላውን ነክቶ ካልተመለሰ እስኪስተካከል ድረስ በሞተር አይጠቀሙ። ፍተሻው በየወሩ ይደረግ።
- በበሩ መስመር ላይ ሰው ሲያልፍ የሚያውቀው ሴንሰር በአቧራ ሲሸፈን አይሠራም፤ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚመረቱ የጋራዥ በር መክፈቻ ሞተሮች ሰው በበሩ ሥር እንዳይያዝ የሚከላከል ተጨማሪ መሣሪያ እንዲኖራቸው በሕግ ግዴታ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ሞተር ሲገዛ ይህ መሣሪያ መኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው።
- የርቀት መቆጣጠሪያው ለሕፃናት መጫወቻነት አይሰጥ።

በተጨማሪም፣ ዙሪያውን በተዘጋ የመኪና ማሳደሪያ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ የተሽከርካሪ ሞተር ወይም ጄኔሬተር ማሠራት፣ ከሰልም ማቀጣጠል ክልክል ነው። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳይታወቀው ይገድላል።

የቤት ባለቤት የሚሠራውና ለባለሙያ የሚተወው

ጽዳት፣ ግሪስ መቀባት፣ የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ ቀለም ማደስ፣ በቱንቢ መለካትና ምልክት መመዝገብ ማንኛውም ጥንቁቅ ሰው ሊሠራቸው የሚችሉ ናቸው።

ማጠፊያ መቀየር፣ ምሰሶ ማቃናት፣ መንኮራኩር መለወጥ፣ የላይኛውን መሪ መፍታት፣ ሞላ መንካትና የኤሌክትሪክ መስመር መጠገን ግን የባለሙያ ሥራዎች ናቸው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ክፍሉ ሲፈታ በሩ ሊወድቅ የሚችል ከሆነ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሥራ ሲታዘዝ ሊጠየቁ የሚገቡ ነጥቦች

በያጅ ሲመረጥ የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያገኘ እንዲሆን ይመከራል። ከዋጋው ጋር የሚከተሉት በጽሑፍ ስምምነት ቢደረግባቸው በኋላ የሚነሣ ክርክር ይቀንሳል።

- የላሜራውና የቱቦላሬው ውፍረት በሚሊ ሜትር፤ የማጠፊያው ብዛትና መጠን። ለከባድ ክንፍ ሦስት ማጠፊያ ከሁለት ይመረጣል።
- የምሰሶው መሠረት ጥልቀት። በዋልካ አፈር ላይ መሠረቱ ከሚሰነጠቀው የላይኛ አፈር በታች መውረድ አለበት።
- በሩ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ ከሰባት ቀን በፊት እንዳይሰቀል፤ በእነዚህ ቀናትም ኮንክሪቱ ውኃ እንዲጠጣ።
- በሩ ወደ ግቢው ውስጥ እንዲከፈት፤ ወደ መንገድ የሚከፈት በር እግረኛን ይመታል።
- ተንሸራታች በር ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያ እንዲኖረው።

ብየዳ በሚካሄድበት ጊዜ ተሽከርካሪና የነዳጅ ጀሪካን ከስፍራው ይራቁ፤ አሸዋ ወይም ውኃ በቅርብ ይዘጋጅ። ልጆች የብየዳውን ብርሃን እንዳይመለከቱ ይደረግ፤ ብርሃኑ ዐይንን ያቃጥላል። የብየዳ ማሽን ከቆጣሪ በፊት ካለው መስመር መቀጠል ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ለሕይወት አደገኛ ነው።

በር በሰው ላይ ቢወድቅ

በሩን ብቻዎን ለማንሣት አይሞክሩ፤ ግማሽ ተነሥቶ ዳግም መውደቁ ጉዳቱን ያከፋል። ጎረቤት ይጥሩ፤ በአንድነት ከፍ እያደረጉ በሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት ያስገቡ። የተጎዳው ሰው የአንገት ወይም የጀርባ ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ሌላ አደጋ ካላሰጋ በስተቀር አያንቀሳቅሱት። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው ይያዙ፤ ሳይዘገዩ በአምቡላንስ ወደ ጤና ተቋም እንዲደርስ ያድርጉ። ተጎጂው ቆሞ ቢራመድ እንኳ የውስጥ ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

የተሽከርካሪ መግቢያ በር እንክብካቤ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መጥረጊያ፣ ጨርቅ፣ ጥቂት ግሪስ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ክርና ድንጋይ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። ግንቦት ሳያልፍ የማጠፊያውን ብየዳ መመልከት፣ የምሰሶውን መዝመም መለካት፣ የተንሸራታች በር ማቆሚያዎችን መፈተሽ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይወስድም። በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ ይህ ፍተሻ ለነገ የሚባል አይደለም። የተከራዩት ቤት ከሆነም የታየውን ምልክት ለአከራዩ በወቅቱ ያሳውቁ፤ አከራይም ጥቆማውን ተቀብሎ ሊያስጠግን ይገባል። በሩ የማን ይሁን የማን፣ ሲወድቅ ጉዳቱ የሚደርሰው በአጠገቡ በተገኘው ሰው ላይ ነው።